አሥራ ሁለት ዓመት የቆመው የአባታችን ቮልስ



በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው በየግቢው ጥግ በሸራ የተሸፈነ፣ ጎማው የተኛ፣ መስተዋቱ በአቧራ የተጋረደ መኪና ማየቱ አይቀርም። የአንዱ ባለቤት ውጭ አገር ሄዶ በዚያው ቀርቷል። የሌላው ታሟል። የሦስተኛው ወደ አኼራ ተሻግሮ ወራሾቹ ሳይስማሙ ዓመታት አልፈዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ “ለጥቂት ሳምንት ነው” ተብሎ ቆሞ እስካሁን ያልተንቀሳቀሰም አለ።

እንዲህ ያለ መኪና በእኛም ግቢ ነበረ። ዛሬ የምንጽፍላችሁ እርሱን ለማስነሳት ስንሞክር ስለተሳሳትነውና ስለተማርነው ነው። ይህ ጽሑፍ ማንንም መካኒክ አያደርግም። ነገር ግን መካኒክ ፊት ስትቆሙ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ፣ ገንዘባችሁ ከመውጣቱ በፊትም ምን መታየት እንዳለበት ያሳውቃችኋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ይሸጥ ወይስ ይነሳ?

መኪናው በ1962 ዓ.ም. የተሠራ ቮልስዋገን 1300 ነው፤ ሕዝቡ ባጭሩ “ቮልስ” የሚለው። አባታችን ያገለገለ ገዝተው እኛን ሦስታችንን ትምህርት ቤት ያደረሱበት፣ ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ከገርጂ እስከ መርካቶ አንዋር መስጊድ የተመላለሱበት መኪና ነው። በ2004 ዓ.ም. ጤናቸው ሲታወክ ግቢ አስገብተው አቆሙት፤ ቁልፉንም ለእናታችን ሰጡ። በዓመቱ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቁልፉ ከእናታችን ሳጥን፣ መኪናው ከዛፉ ሥር ሳይነቃነቁ ቀሩ።

በ2016 ዓ.ም. በራችን ይንኳኳ ጀመር። በዚያ ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ቀደም ብሎም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። በዚህ የተነሳ የቆመ ብረት ሁሉ ፈላጊ አገኘ። ደላላ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ደላላ መጣ፤ ቁራሌው እንኳ በአጥር ላይ ተንጠራርቶ “ያ የቆመው አይሸጥም?” ማለት ጀመረ።

ታላቃችን “ይሸጥና እንገላገል” አለ። ታናሻችን “የአባቴን መኪና ለቁራሌው አልሰጥም፤ አስነሳዋለሁ” አለ። በመካከል እህታችን አንድ ነገር አስታወሰችን። መኪናው የማናችንም ለብቻ አይደለም፤ ያልተከፋፈለ ውርስ ነው፤ የእናታችን አንድ ስምንተኛ አለበት፤ የእኛም ድርሻ እንደየሐቃችን አለበት። ስለዚህ አንዱ ብቻውን ሊሸጠውም፣ ሌላው በዘፈቀደ ሊፈታታውም አይችልም። እናታችን ሁላችንንም ከሰማች በኋላ “መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ዋጋውን ሳታውቁ እንዴት ትሸጣላችሁ? ሕመሙን ሳታውቁስ እንዴት ታክማላችሁ?” አለችን። ስምምነታችን በዚህ ላይ ሆነ።

የጀመርነው በስሕተት ነው

ባትሪ ከጎረቤት ተዋስን። አሥራ ሁለት ዓመት ሰርባቶዮ ውስጥ በቆየው ቤንዚን ላይ አምስት ሊትር አዲስ ጨመርንበት። ከዚያም ቢስሚላህ ብለን ቁልፉን አዞርን። ሞተሩ ዞረ፤ አሳለ፤ ለጥቂት ሰከንድ ተነስቶ ግቢውን በጭስ ሞላና ጠፋ። ደግመን ደጋግመን ስናዞር ሞተሪኖው ጋለ፣ ባትሪው ደከመ። የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው ወደ መንገዱ አውጥተው ገፉልን፤ ትንሽ ተንፈራገጠ እንጂ አልተነሳም።

በማግስቱ አንድ መካኒክ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል አየና “ሞተሩ አልቋል። ወርዶ በሌላ መተካት አለበት። ካልቻላችሁ እኔ እንደቆመ እገዛችኋለሁ” አለን። የሞተሩን ዋጋ ሲነግረን ታላቃችን ወደ ታናሻችን ዞሮ “አላልኩህም?” አለ።

በሰፈራችን ግን ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ፣ አሁን በዕድሜ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ሐጂ አሉ። እናታችን “እርሳቸውን ሳትጠይቁ ምንም አታድርጉ” አለች። ሄደን ነገርናቸው። ሐጂ መኪናውን ከማየታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

“አባታችሁ ሲያቆሙት እንዴት ነበር?”

“ደህና ነበር፤ ራሳቸው ነድተው ነው ያስገቡት” አልናቸው።

“እንግዲያው ስሙኝ ልጆቼ። ደህና ሆኖ የቆመ ሞተር ቆሞ አያልቅም። ይዘጋል፣ ይዝጋል፣ ይደርቃል። የተዘጋ ይከፈታል፣ የዛገ ይጠረጋል፣ የደረቀ ይለሰልሳል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንወቅ።”

ሐጂ ከዚያ በኋላ ስድስት ቅዳሜ ወደ ግቢያችን መጥተዋል። እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ ታናሻችን ይፈታል፤ እኛ እንጽፋለን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው።

ቁልፍ ከመዞሩ በፊት

የሐጂ የመጀመሪያ ተግሣጽ ስለ ችኮላችን ነበር። ዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ደረቅ ለደረቅ ይፋተጋሉ። ከእርጥበት የተነሳ ስስ ዝገት ካለ ደግሞ የፒስተኑን ፋሻ ሊሰብር ይችላል። መኪናውን በሌላ መኪና መጎተት ወይም መግፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተጣበቀውን ክፍል በኃይል ይገነጥላል። “የእናንተ ያልተሰበረው በአላህ ችሮታ ነው” አሉን።

ስለዚህ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ያዝነው። አራቱን ካንዴላዎች ፈታን። በየቀዳዳው አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምረን አሳደርነው። በማግስቱ ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሞተሩን በመፍቻ፣ በእጅ፣ ቀስ ብለን ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነው። ቢይዝ ኖሮ ማስገደድ ክልክል ነበር፤ ዘይት ጨምሮ ቀናት መጠበቅ ነው መድኃኒቱ። የእኛው አልያዘም።

ቀጥሎ አሮጌውን ዘይት ቀዳን። ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ከሥሩ ውኃ ነበረው። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥተን በናፍጣ አጠብን። አዲስ ዘይት ሞላን። ከዚያም ካንዴላዎቹ ሳይገቡ ሞተሪኖውን ለአጭር ለአጭር ጊዜ አዞርነው፤ የዘይቱ ቀይ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። መብራቱ ሲጠፋ ዘይቱ በየቦታው ደረሰ ማለት ነው።

ባትሪ የምትገዙ ሰዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። የእናንተ ስንት እንደሆነ ሳታረጋግጡ የ12 ቮልት ባትሪ አትሰኩ።

አይጦችንም አንርሳ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በማራገቢያ የሚነፍስ አየር ነው። የማራገቢያውን ቆርቆሮ ከፍተን ስናይ አይጥ ሣርና ጨርቅ ሰብስባ ቤት ሠርታበት ነበር። መኪናው በዚያ ሁኔታ ተነስቶ መንገድ ቢወጣ ኖሮ አንዱ ወገን አየር አጥቶ ሞተሩ በሙቀት ይበላሽ ነበር። የተበሉ ገመዶችም አግኝተን ቀየርን። መኪናችሁ ራዲያተር ያለው ከሆነ ደግሞ ውኃውን ቀድታችሁ እጠቡ፤ ቱቦዎቹን በጣታችሁ ጫኑና የተሰነጠቀውን ለውጡ።

አራቱ ጥያቄዎች

ሐጂ በደብተራችን ላይ አራት ቃላት አስጻፉን፦ ነዳጅ፣ አየር፣ እሳት፣ ጭመቃ። “የቤንዚን ሞተር እነዚህ አራቱ በሰዓታቸው ከተገናኙለት መነሳት ግዴታው ነው። ካልተነሳ ከአራቱ አንዱ ጎድሎበታል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትንኩ። አንዱን ፈትሹ፣ ጻፉ፣ ወደ ሌላው እለፉ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም” አሉን።

በነዳጁ ጀመርን። ቤንዚን እንደ ማር አይቆይም። በወራት ውስጥ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ የቀረው እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ቆይቶም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በእኛ መኪና ላይ ሌላም ነገር ተጨምሮበት ነበር። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። መኪናው በ2004 ዓ.ም. ሲቆም ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረው ይኸው ድብልቅ ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃውም ከሥር ይቀመጣል፤ ቆርቆሮው ከውስጥ ይዝጋል፤ ለድብልቁ ያልተሠሩ የጥንት ጎማ ቱቦዎችም ይለፈልፋሉ።

ከፊት ኮፈን ሥር ያለውን ሰርባቶዮ አውርደን ገለበጥነው። የወጣው እንደ ሻይ የቀላ ፈሳሽና አንድ እፍኝ የዝገት ቅርፊት ነበር። ያፈሰስንበት አዲስ አምስት ሊትርም አብሮ ጠፋ። ሰርባቶዮው እስኪታጠብና እስኪደርቅ ድረስ ሞተሩን ለመሞከር ሐጂ ከትንሽ የብረት ጣሳ በአዲስ ቱቦ ወደ ካርቡራተሩ ንጹሕ ቤንዚን እንዲመጣ አደረጉ። ዘዴው ትልቅ ጥቅም አለው። ሞተሩ ከጣሳው በደንብ ከሠራ ችግሩ ከሰርባቶዮ እስከ ፓምፕ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ከጣሳውም ካልሠራ ችግሩ ወደ ሞተሩ ቀርቧል ማለት ነው።

ካርቡራተሩንም ፈታን። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ በደረቀ ሙጫ ተደፍነው ነበር። ሐጂ በሽቦ መጎርጎርን ከለከሉ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ይጠፋል። በማጽጃ ነክሮ በአየር መንፋት ብቻ ነው የተፈቀደው። ጎርኒሲዮኑንና ሌሎች ዕቃዎችን ታላቃችን ሳይወድ በግዱ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ አመጣ።

ከዚያ ወደ እሳቱ አለፍን። አንዱን ካንዴላ ከገመዱ ጋር አያይዘን፣ ከቤንዚን ርቀን፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተን ሞተሪኖውን አዞርን። ጤነኛ እሳት ሰማያዊና ጠንካራ ነው፤ ይንጣጣል። የእኛ ቢጫና ደካማ ሆነ። ዲስትሪቢውተሩን ከፍተን ስናይ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጡትና የሚቀጥሉት ሁለት የብረት ነጥቦች ግራጫ ለብሰዋል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገን ክፍተታቸውን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግን። እሳቱ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ለዚህ ያወጣነው ገንዘብ የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነበር።

ተነሳ፤ ግን ይንቀጠቀጣል

በሦስተኛው ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ቆመ፤ አልጠፋም። አልሐምዱ ሊላህ! እናታችን ከቤት ወጥታ ድምፁን ስትሰማ ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች። እኛም ተቃቀፍን። ሐጂ ግን አልተነሱም። “ይሰማችኋል?” አሉን። “ምኑ?” አልን። “ያነክሳል። ከአራት እግር በሦስቱ ነው የቆመው።”

እውነትም ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐጂ በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ አስነቀሉን። ጤነኛ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ይንገዳገዳል። የ1፣ የ2 እና የ4 ቁጥር ሲነቀል እንደዚያ ሆነ። የ3 ቁጥር ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ የለም። የማይሠራው እርሱ ነው።

አሁን ሐሳባችን ሁሉ “ካንዴላ ይገዛ” ወደሚለው ሄደ። ሐጂ “መግዛት መመርመር አይደለም” አሉን። የ3 ቁጥርን ካንዴላ ከ4 ቁጥር ጋር አቀያየርን፤ ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ አልሄደም። ገመዱን አቀያየርን፤ አሁንም ችግሩ 3 ላይ ቀረ። ነዳጁም እሳቱም ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። የቀረው ጭመቃው ነው።

መለኪያ ተዋስን። ሦስቱ ተቀራራቢ ቁጥር ሲያሳዩ 3 ቁጥር ከግማሽ በታች አሳየ። እዚህ ላይ ሐጂ ለወጣት መካኒኮች የሚጠቅም ነገር ነገሩን። የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የጭመቃ ቁጥር የተለካው ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ በማይል አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ጤነኛ ሞተርም ከመጽሐፉ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሰው ስንቱን ደህና ሞተር “አልቋል” ብሎ ያስወርዳል! መታየት ያለበት አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።

ቀጥሎ በ3 ቁጥር ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን እንደገና ለካን። ፋሻው ያለቀ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚሞላ ቁጥሩ ይጨምራል። አልጨመረም። ስለዚህ አየሩ የሚያመልጠው በፒስተን በኩል አይደለም፤ በቫልቭ በኩል ነው። የቫልቩን ክዳን ስንከፍት ነገሩ በዓይን ታየ። ያደከመ ጋዝ የሚያስወጣው የ3 ቁጥር ቫልቭ በደረቀ ዝቃጭ ተጣብቆ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል፤ የሚገፋው ክንድም ያለ ሥራ ይንቀለቀላል።

“ሞተሩ አልቋል” የተባለው እንግዲህ ይህ ነበር። አንድ የተጣበቀ ቫልቭ!

ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ረጭተን አሳደርን። በማግስቱ በእንጨት ቁራጭ ላይ በቀስታ መታ መታ ስናደርገው ቫልቩ ተፈናጥሮ ቦታው ገባ። ደግመን ደጋግመን ዘይት እየሰጠን በነጻ እስኪመላለስ ድረስ ሠራን። ከዚያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት የሁሉንም ቫልቮች ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር አድርገን አስተካከልን። ቅደም ተከተሉ ሞተሩ እሳት በሚያገኝበት ሥርዓት 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ስናስነሳው ድምፁ ሌላ ሆነ። የምናውቀው፣ በልጅነታችን ከበሩ ውጭ ስንሰማው “አብዬ መጣ!” ብለን የምንሮጥበት ድምፅ ነበር።

መንገድ ላይ የቆመበት ቀን

ሁለት ትንንሽ ችግሮች ቀርተው ነበር። የመጀመሪያው ሚኒሞ ላይ አለመቆሙ ነው፤ እግር ከቤንዚን ሲነሳ ይጠፋል። ከካርቡራተሩ ሥር ባለው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ ስንቀባ ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። በስንጥቁ ያልተፈለገ አየር ይገባ ነበር ማለት ነው፤ ጎርኒሲዮኑን ስንለውጥ ዳነ። አንዳንዶች ለዚህ ምርመራ ቤንዚን ይረጫሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ እሳት መጥራት ነው።

ሁለተኛው ያሳፈረን ነው። ፍሬኑ ተሠርቶ፣ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ከተለጠፈለት በኋላ ከገርጂ ተነስተን መገናኛን አልፈን ወደ 22 ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩንባ ነፋ። ጥቂት ቆይተን ስናስነሳው ተነሳ፤ ሩብ ሰዓት ሄዶ ደግሞ ጠፋ። ታላቃችን “ሞተሩ ሲግል ነው፤ ይኸው አልቋል!” አለ። ታናሻችን ሐጂ ያሉትን አስታውሶ የሰርባቶዮውን ክዳን ሲከፍት አየር “ፉ…ጭ” ብሎ ገባ። መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ኖሯል። ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ሲቆም ቀስ በቀስ አየር ይገባና እንደገና ይሠራል። መተንፈሻውን ጠረግን፤ ከዚያ ወዲህ በመንገድ አልቆመም።

እሳት፣ ጭስና ፍሬን

ወገኖቻችን! መኪና ማስነሳት ደስ ይላል፤ ሕይወት ግን ከመኪና ይበልጣል። ሐጂ እነዚህን ሦስቱን ሳይነግሩን አንድም ቅዳሜ አልጀመሩም።

አንደኛ፣ እሳት። በቮልስ ላይ የቤንዚኑ ቱቦ የሚያልፈው እሳት ከሚያመነጨው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ነው። ያረጀ ቱቦ ጠብ ካለ መኪናው ይቃጠላል። ስለዚህ የነዳጅ ቱቦ በሙሉ ሳይለወጥ ሞተር አይነሳም። በሥራ ቦታ ማጥፊያ ወይም ቢያንስ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይኑር። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ሁለተኛ፣ ጭስ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ስንት ቤተሰብ እንደፈጀ ሁላችንም እናውቃለን። ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣውም ጋዝ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ጋራዥ ወይም በመኝታ ቤት መስኮት ሥር ሞተር አታስነሱ።

ሦስተኛ፣ ፍሬንና ጎማ። የማይነሳ ሞተር ሰው አይገድልም፤ የማይዝ ፍሬን ግን ይገድላል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፤ ውስጡን ያዝጋል። ዘይቱም ጎማ ቱቦዎቹም በአዲስ ይተኩ። ጎማ ጥርሱ ደህና ቢመስልም ዕድሜውን እዩ። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 1210 ካለ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የእኛን አራቱንም ለወጥናቸው፤ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የወሰደው እርሱ ነው።

ቮልስ ለሌላቸው

መኪናችን ቮልስ አይደለም የምትሉ አንባቢያን፣ መንገዱ ያው ነው። እንደ ቪትዝና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ያሉት ካርቡራተር የላቸውም፤ ነዳጁን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ኢንጀክተር ነው፤ ፓምፑም ብዙውን ጊዜ ሰርባቶዮው ውስጥ ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ስታዳምጡ ለአንድ ሁለት ሰከንድ “ዝ…ዝ” የሚል ድምፅ ከኋላ ብዙውን ጊዜ ይሰማል። ካልተሰማ ከፊውዙና ከፓምፑ ጀምሩ። የሞተር ምልክት ያለበት መብራት ከበራ በኮምፒውተር ይነበብ። ሆኖም የተነበበው ቁጥር የሚጠቁመው አካባቢውን ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ በእርግጠኝነት አይነግርም። አሮጌ ቤንዚን፣ ደካማ ባትሪና አይጥ የበላው ገመድ በአዲሱም በአሮጌውም ላይ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

የወረቀቱ ጉዳይስ?

ሊብሬው በአባታችን ስም ስለነበረ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነበረብን። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ሲቀርቡ የሙስሊምን ውርስ ያያሉ። እኛም በዚያ በኩል ጨረስን። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይሟላ መኪናውን ወደ መንገድ አላወጣነውም።

ወጪያችንን ሁሉ እህታችን በደብተር ይዛ ነበር። ጎማውንና ፍሬኑን ጨምሮ ድምሩ ያ የመጀመሪያው መካኒክ ለሞተር ብቻ ከጠየቀው በታች ሆነ። መኪናውን አስገምተን፣ ወጪውን አስቀድመን ቀንሰን፣ የእያንዳንዱን ሐቅ አሰላን። ታናሻችን የሌሎቻችንን ድርሻ በየወሩ ከፍሎ እንዲወስደው ተስማማን። እናታችን ግን ድርሻዋን በገንዘብ አልተቀበለችም። “የእኔን ስምንተኛ በጁሙዓ ትከፍለኛለህ” አለችው።

አሁን ጁሙዓ ሲደርስ ታናሻችን ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ያሞቀዋል። ታላቃችንም “ይሸጥ” ያለውን ረስቶ ከኋላ ወንበር ቀድሞ ይገባል። ሐጂን ከበራቸው እናነሳቸዋለን። እርሳቸውም ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ቆም ብለው ሞተሩን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ “በአራቱም ቆሟል፤ እንሂድ” ይላሉ።

በግቢያችሁ የቆመ መኪና ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለደላላም ለቁራሌውም መልስ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሲቆም እንዴት ነበር? ቀሪውን በትዕግሥትና በቅደም ተከተል መርምሩ። አላህ ይወፍቃችሁ።